የጋንቾ ግራ ዓይን

ዝላትካና ጋንቾ ጎረቤቶቼ ናቸው። በግቢያችን መካከል ያለው አጥር ከወገብ አይበልጥም፤ እሱም ቢሆን ለዶሮዎቹ እንጂ ለእኛ የተሠራ አይደለም። ዝላትካን ከልጅነታችን ጀምሮ አውቃታለሁ። ጋንቾን ደግሞ የመንደራችንን የቴርዚኖን አውቶቡስ ሲነዳ ከነበረበት ዘመን አንስቶ። ጡረታ ከወጣም በኋላ ድምፁ ያው የአውቶቡስ ድምፅ ነው፤ ከጓዳ ሆኖ ሲያወራ እኔ ጓሮዬ ውስጥ እሰማዋለሁ።

የዝላትካን እጅ በመንደሩ የማያውቅ የለም። መኸር ሲገባ ጥቅል ጎመኑን በበርሜል ጨው ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፋለች፤ ኪያሩን፣ ካሮቱን፣ አረንጓዴ ቲማቲሙን በማሰሮ ትሞላለች። ድግስ ያለበት ሰው ከእሷ በርሜል ሳይቀዳ አይደግስም። ስትቀምስ ዓይኗን ጨፍና "ትንሽ ይጎድለዋል" ትልና አንድ እፍኝ ጨው ትጨምራለች። ጋንቾ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ ምግቡ ቀርቦለት ገና ሳይቀምሰው ጨው ይነሰንስበታል። ፊቱ ቀይ፣ ሆዱ ክብ ነው። ያየው ሁሉ ጤና የሞላው ሰው ይለዋል።

የመንደራችን ሐኪም ዶክተር ራንጌል ግን ግፊት እንዳለበት ነግሮት ክኒን ካዘዘለት ቆይቷል። ዝላትካ በየጠዋቱ ክኒኑን በማንኪያ አድርጋ ከውሃ ጋር ታቀርብለታለች። እሱም እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ ይቀበላታል።

"ዋጥኩት። ላሳይሽ እንዴ?"

"ሂድ ወዲያ! ማን ያንተን አፍ ያያል በጠዋቱ!"

ነገሩ የጀመረው ቀዩን ቃሪያ የምንጠብስበት ሰሞን ነው። በየዓመቱ በእነሱ ግቢ ተሰብስበን ለክረምት የሚሆነንን የቃሪያና የቲማቲም ድልህ እናዘጋጃለን። እኔ የተጠበሰውን እልጣለሁ፣ ዝላትካ ትፈጫለች፣ ጋንቾ ትልቁን ድስት ያማስላል። ያን ቀን ጋንቾ ማማሰያውን እያስቀመጠ በተደጋጋሚ ግራ ዓይኑን ያሻል።

"ምን ሆነሃል?" አልኩት።

"ጭሱ ነው።"

"ጭሱ እኮ ወደ እኔ ነው የሚሄደው።"

"ታዲያ አንቺ ለምን አታለቅሺም?" ብሎ ሳቀ።

ምሳ ላይ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ራኪያ፣ የፍራፍሬ አረቄያችንን፣ ሊቀዳልኝ ጠርሙሱን አነሣና ከብርጭቆው ጎን፣ የጠረጴዛው ልብስ ላይ፣ ቀስ አድርጎ በጥንቃቄ አፈሰሰው። ከዚያ ቀና ብሎ "ለጤናችን!" አለ። ዝላትካ ተነሥታ ከጀርባው ቆመችና ቀኝ ዓይኑን በመዳፏ ሸፈነችው።

"አሁን ምን ይታይሃል?"

"ሚንካ ትታየኛለች።"

"ምን ይዛለች?"

ዳቦ ይዤ ነበር። ጋንቾ አንገቱን ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገ ፈለገው።

"ከላይ ከላዩ ይታየኛል" አለ በመጨረሻ። "ከታች ቡናማ ነገር ጋርዶታል። መጋረጃ ነገር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከእሑድ።"

"ዛሬ ሐሙስ ነው እኮ፣ አንተ ሰውዬ!"

"ቃሪያው ይለቅ ብዬ ነዋ" አለ፤ ያጠፋ ተማሪ መስሎ።

በማግስቱ ጠዋት ከተማ ወረድን። ዝላትካ "ብቻዬን አልችለውም፣ አብረሽኝ ነይ" ስላለችኝ እኔም ሄድኩ። የዓይን ሐኪሟ ካሊና የምትባል ወጣት ሴት ናት፤ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የምታሥር። ዓይኑ ውስጥ ጠብታ ጨመረችበት፤ ብሌኑ እስኪሰፋ አስጠበቀችን፤ ከዚያ አገጩን ማሽኑ ላይ አስደግፋ ለረጅም ጊዜ አየችው። ሲያበቃ የዓይኑን የውስጥ ፎቶ ስክሪኑ ላይ አወጣችልን።

ብርቱካናማ ክብ ነገር ነው። በላዩ ላይ ቀያይ ክሮች ከአንድ ቦታ ተነሥተው ወደየአቅጣጫው ይሄዳሉ። በአንዱ በኩል ግን ክሩ አይታይም፤ ቀለም የተደፋበት ይመስል ሁሉም ቀልቷል።

"እነዚህ የደም ሥሮችዎ ናቸው" አለች። "ይሄ ከልብ ደም የሚያመጣው፣ ይሄ ደግሞ የሚመልሰው። እዚህ ጋ አንዱ በአንዱ ላይ ያልፋል፣ አዩት? ግፊቱ ለዓመታት ሲገፋው የላይኛው ግድግዳው ወፍሮ ጠነከረ። ጠንክሮ የታችኛውን ተጫነው። ደሙ መመለሻ ሲያጣ ሾልኮ ፈሰሰ።"

"መንገዱ ተዘጋ በይኛ" አለ ጋንቾ።

"ልክ እንደዛ።"

"ግን እኮ ምንም አላመመኝም!"

"ክፋቱም እሱ ነው፤ ግፊት አያምም።" ካሊና ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። "አባባ፣ ልንገርዎት። ሰው ሳንቀድ የደም ሥሩን እንዲህ በግልጽ የምናየው ዓይን ውስጥ ብቻ ነው። እዚህ ያየሁት ጭንቅላትዎ ውስጥም፣ ልብዎ ላይም፣ ኩላሊትዎም ውስጥ ይኖራል ብዬ ነው የምፈራው። የዛሬው ዓይንዎ ላይ መጣ። ጭንቅላትዎ ላይ ቢመጣ ኖሮ እንዲህ ተቀምጠን አናወራም ነበር።"

ባሌ ቴንቾ ትዝ አለኝ። ቴንቾ የጫማውን ክር እያሰረ ነው የወደቀው። "ጭንቅላቱ ውስጥ የደም ሥር ፈንድቶ ነው" ብለውኝ ነበር። ያኔ ቃሉን ሰማሁት እንጂ ምን እንደሚመስል አላውቅም። አሁን ስክሪኑ ላይ እያየሁት ነው። ከፀጉር የቀጠነ ነገር ነው፤ ሰው የሚያህል ነገር በዚህ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው።

ካሊና ግፊቱን ለካችና ፊቷ ተለወጠ። "መድኃኒት ይወስዳሉ?"

"እወስዳለሁ" አለ ጋንቾ ቶሎ ብሎ።

"በየጠዋቱ በእጄ ነው የምሰጠው" አለች ዝላትካ።

"እንግዲያው መድኃኒቱ አልበቃዎትም ማለት ነው። ከዶክተር ራንጌል ጋር ተነጋገሩ፤ ነገ ዛሬ ሳትሉ። ለዓይንዎ መርፌ እሰጥዎታለሁ። ጨውስ እንዴት ነው?"

ጋንቾ ወደ ጣሪያው አየ። በእሱ ፈንታ የተናገረችው ዝላትካ ናት፤ ድምፅዋን መስማት አስቸገረን።

"ይሄን ያደረገው ጨው ነው?"

"ጨው አንዱ ነው፣ እማማ። ዕድሜም አለ፣ ውፍረትም አለ፣ ከአባት የሚወረስም አለ።"

ዝላትካ ግን ከ"አንዱ ነው" በኋላ ያለውን የሰማችው አይመስለኝም። አውቶቡስ ውስጥ እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ስታያቸው ነበር። ጋንቾ "ዓይን ውስጥ መርፌ! እኔ እኮ ክንዴን ሲወጉኝ ነው የምጮኸው!" እያለ ሊያስቃት ሞከረ። አልሳቀችም።

ዶክተር ራንጌል በዚያው ሳምንት ሁለተኛ ክኒን ጨመረለት። በቤት ውስጥ ግን ያን መኸር ዝላትካ ጎመን አልዘፈዘፈችም። በመንደሩ ትልቅ ወሬ ሆነ። በርሜሉን አጥባ ግድግዳው ሥር ደፋችው። ጨው ከቤቷ ጠፋ። ሾርባው፣ ባቄላው፣ ሥጋው ሁሉ ውሃ ውሃ ይላል። በጨው ውሃ የተቀመጠውን ነጭ አይብ ለእኔ አምጥታ ሰጠችኝ። ጋንቾ ምንም ሳይናገር ይበላል፤ አልፎም "እንዲህ የሚጣፍጥ ሾርባ በልቼ አላውቅም" ይላታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን አጥሩ ላይ ተደግፎ አየሁት።

"ሚንካዬ።"

"አቤት።"

"ያ አይብ... እንደው አለ?"

"አለ።"

"ጥፍር የምታህል ቁራጭ። ሽታው ብቻ ይበቃኛል።"

"ጋንቾ፣ ቴንቾን ቀብሬያለሁ። አንተን ከዚህ አጥር ላይ አይብ አቀብዬ አልቀብርህም። ግባ!"

ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ትንሽ ራመድ ካለ በኋላ ዞሮ "እሷ እኮ አትበላም" አለኝ። "እኔ ስበላ ታየኛለች እንጂ እሷ አትበላም።"

እኔም ልብ ብዬው ነበር። ዝላትካ ከስታለች። ጎኗ ስቀመጥ ሌላ ሰው ሆና አገኛታለሁ። አንድ ቀን ሹራብ እየሠራን ሳለን መርፌዋን አስቀምጣ "ሰው በእጁ መርዝ እያበላ፣ ምስጋና እየተቀበለ እንደ መኖር ያለ ነገር አለ?" አለችኝ። "ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ እኮ ነው ሚንካ። ጨምሪልኝ ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር።" ምን ልበላት? ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ደገምኩላት። አልገባትም፤ ወይም ሊገባት አልፈለገችም።

ብርዱ ሲጠነክር ደጅ ያሉትን የአበባ ማሰሮዎች ወደ ቤት የምናስገባበት ጊዜ ደረሰ። ዝላትካ የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ የነበረውን ቀይ አበባ አፈሩን ልትለውጥለት ብላ ገለበጠችው። ያን ጊዜ እኔ ዶሮዎቼን እየመገብኩ ነበር። ማሰሮውን እንዳቀፈች በአጥሩ መጣች፤ ፊቷ ነጭ ሆኗል።

"እዪ!"

አፈሩ ውስጥ ክኒኖች ነበሩ። ከፊሎቹ ሟሙተው ነጭ ጭቃ ሆነዋል፤ አንዳንዶቹ ገና ሙሉ ናቸው።

"በየጠዋቱ" አለች። "በየጠዋቱ አፉን እየከፈተልኝ!"

እውነቱን ለመናገር ድምፅዋ ውስጥ ከንዴቱ ጋር ሌላ ነገርም ሰማሁ፤ የሆነ ሸክም ወርዶላት ይሆን ብዬ አሰብኩ። ማሰሮውን እንደያዘች ወደ ቤቷ ተመለሰች። በሩ ተዘጋ። ጩኸት ጠበቅኩ፤ አልመጣም።

የሆነውን በኋላ እሷው ነገረችኝ። ጋንቾ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን እያደረገ ነበር። ማሰሮውን እግሩ ሥር አስቀመጠችለት። እሱም አየውና ካልሲውን ይዞ ቀረ።

"እኔ ገደልኩት ብዬ እንቅልፍ አጥቼ" አለችው። "እጄን ልቆርጠው ምንም አልቀረኝም! ለምን ጋንቾ? ምን አደረግኩህ?"

ጋንቾ ወደ መስኮቱ ዞረ። አንገቱ፣ ጆሮው ቀላ።

"ክኒኑን ስውጥ..."

"እ?"

"ያ ነገር... አይሆንልኝም።"

"የቱ ነገር?"

"አንቺ ደግሞ! የቱ ነገር ትለኛለች! የሌሊቱ!"

ዝላትካ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ጎኑ አልጋው ላይ ዘጭ አለች። "በዚህ ዕድሜህ?" አለችው።

"ብዙ ጊዜ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በዓመት በዓል በዪው። ግን ሲያምረኝ የምችል መሆኔን ማወቅ እፈልጋለሁ። ደግሞ አንቺ... ምን ሆነ ብለሽ እንድታዝኚብኝ አልፈለግኩም። ወይም ጠልቶኛል ብለሽ እንድታስቢ።"

ዝላትካ ሳቀች። እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ተለወጠባት። ጋንቾ ካልሲውን እንደያዘ በዚያው እንባዋን ሊጠርግላት ሲሞክር እጁን መታችው።

"ለዚህ ብለህ ዓይንህን ሰጠህ? ጭንቅላትህንስ ልትሰጥ ነበር? እኔ እኮ የምፈልገው ስተኛ የእግርህን ሙቀት ነው፣ አንተ ጅል! እግርህ ከቀዘቀዘ ሌላው ምን ያደርግልኛል?"

በማግስቱ ወደ ዶክተር ራንጌል ሄዱ፤ እኔም አብሬያቸው ሄጄ ገርበብ ካለው በር አጠገብ ተቀመጥኩ። ዶክተር ራንጌል ከእኛ ጋር ያረጀ፣ ጢሙ የሸበተ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ጋንቾ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያይ ዝላትካ "ክኒኑ ባልነቱን ነሥቶት ነው የማይውጠው" ብላ ፍርጥ አደረገችው። ውጭ ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ የሰሙ ይመስለኛል፤ እኔ ሰምቻለሁ።

"ይሄን ነው የደበቅከኝ?" አለ ዶክተሩ። "ቀድመህ ብትነግረኝ ያኔውኑ እለውጥልህ ነበር። ሁሉም ክኒን አንድ አይደለም። ስንቱ ወንድ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጫማውን እንዳየ ብታውቅ! ደግሞ ስማኝ፣ የደም ሥር ከተበላሸ ያም ነገር ያለ ክኒን ይቀራል። ደም ካልደረሰ ምን ይሆናል?"

ጋንቾ ቀና አለ። ይህን የነገረው ሰው አልነበረም።

"በል ክንድህን።"

"ቆይ" አለ ጋንቾ። መለኪያውን ሲያይ ልቡ ይመታበታል። "መጀመሪያ እሷን ለካ። እኔ እስክረጋጋ።"

"እኔ ምን ሆንኩና?" አለች ዝላትካ።

"ምንም ካልሆንሽ ምን ያስፈራሻል?"

ሹራቧን ሰብስባ ክንዷን ሰጠች። ዶክተሩ ጨርቁን ነፍቶ አዳመጠ። ከዚያ እንደገና ነፋ። የጋንቾ ፈገግታ ቀስ በቀስ ጠፋ።

"ዝላትካ፣ ተለክተሽ ታውቂያለሽ?"

"እኔ? ለምን እለካለሁ? የታመመው እሱ ነው።"

"ከእሱ ይበልጣል።"

"ደረጃ ወጥቼ ነው" አለች። "ትናንት ተናድጄ ነው። አልተኛሁም። ቡና ጠጥቻለሁ።"

"ድገመው" አለ ጋንቾ። ያ የአውቶቡስ ድምፅ ከውስጡ ወጥቶ የሆነ ቀጭን ነገር ነበር የቀረው። "ራንጌል፣ ድገመው።"

ዶክተሩ አስቀምጧት ቆይቶ ደገመው። ያው ነው። ጋንቾ ከወንበሩ ተነሥቶ ፊቷ ተንበረከከ፤ ለዚያ ሆድ ቀላል ሥራ አይደለም። እጇን ያዘ። "የኔን ቆመሽ ስትጠብቂ" አለ፤ መዳፏንም ጉንጩ ላይ አደረገው።

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የተለወጠውን እኔ በአጥሩ ላይ ሆኜ አይቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ሁለት ማንኪያ ነው የሚቀርበው። እሱ ለእሷ፣ እሷ ለእሱ። ሁለቱም ምላስ ያሳያሉ፣ ምላስ ተነሥቶ ሥሩ ይታያል፤ ከትምህርት ቤት ልጆች አይሻሉም። ከሰዓት ወደ ድልድዩ በእግር ይወርዳሉ። ጋንቾ መጀመሪያ ላይ መንገዱን ሁሉ ሲያማርር ይሰማ ነበር፤ በኋላ ዝላትካ ስትዘገይ እሱ ነው የሚጣራው።

ደግሞ ምግብ ማብሰል ጀመረ። በሕይወቱ እንቁላል ሰብሮ የማያውቅ ሰው! የመጀመሪያው የባቄላ ሾርባው አርሮ ሽታው እኔ ቤት ደረሰ። ሁለተኛው ላይ ናናውን ከነግንዱ ነው የከተተው። ዝላትካ እየሳቀች ታስተምረዋለች፤ ነጭ ሽንኩርቱን፣ አቼቶውን፣ እንስላሉን፣ ጦስኝ የመሰለውን ቅጠላችንን እየጨመረች ጨው የነበረበትን ቦታ ትሞላዋለች። ለገና አንድ ትንሽ ማሰሮ ጎመን በአቼቶ አዘጋጀች። እንደ በፊቱ አይደለም፤ ማንም አልዋሸላትም። ይበላል ግን። እሷም ቁጭ ብላ በላች።

በጸደይ ለቀጠሮ ከተማ ወረድን። ጋንቾ መርፌዎቹን ሳይጮህ ተወግቶ ጨርሷል፤ ወይም ጮኾ ከሆነ ዝላትካ አልነገረችኝም። መጋረጃው በአብዛኛው ተነሥቷል። ቀጥ ያለ መስመር አሁንም ይጎብጥበታል፤ የስልክ እንጨት ሁሉ የሰከረ ነው ይላል። ካሊና አየችውና ግፊቱም መውረዱን ስትሰማ ፈገግ አለች። "ከዚህ በላይ ላይመለስ ይችላል" አለችው። "ያለዎትን ግን እንጠብቀዋለን።"

"የእሷንም እዪልኝ" አለ።

ዝላትካም ጠብታ ተደረገላት፤ አገጯን አስደገፈች። ፎቶው ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ጋንቾ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በደህናው ዓይኑ ተጠጋ። ብርቱካናማው ክብ፣ ቀያዮቹ ክሮች። የፈሰሰ ነገር የለም።

"ትንሽ ጠበብ ብለዋል" አለች ካሊና፤ "ግን በጊዜ ነው የደረሳችሁት።"

ጋንቾ አልተንቀሳቀሰም። በጣቱ፣ ስክሪኑን ሳይነካ፣ አንዱን ክር ከሥሩ እስከ ጫፉ ተከተለው፤ እስኪጠፋ ድረስ።

"ይሄ ሁሉ የእሷ ነው?"

"የእሷ ነው።"

"አንቺ ዝላትካ" አለ፣ ዓይኑን ሳይነቅል፤ "እዚህም ቆንጆ ነሽ።"

"ዝም በል፣ ሰው ፊት!" አለች፤ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ።

ስንወጣ ፀሐዩ ድርቅ ያለ ነበር። የሁለቱም ብሌን ሰፍቶ ምንም አያዩም። ጋንቾ የመንገዱን ጠርዝ በእግሩ ይፈልጋል፣ ዝላትካ እጇን ዓይኗ ላይ ጋርዳ "ወዴት ነው? ወዴት ነው?" ትላለች። በመካከላቸው ገብቼ ሁለቱንም ክንዳቸውን ይዤ አሻገርኳቸውና ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳቸው። ዓይናቸው እስኪመለስ ውሃ ልገዛላቸው ሄድኩ።

ስመለስ ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አቅንተዋል። ዝላትካ ጣቷን የጋንቾ አንጓ ላይ፣ ትርታው የሚመታበት ቦታ ላይ አድርጋለች። ዶክተር ራንጌል አሳይቷት ነው።

"እንዴት ነው?" አላት።

"ቆይ፣ አታናግረኝ" አለች። "እየሰማሁት ነው።"